ቢቲን የማይከዳ ባሕር

አቶ ይርጋ ወልደ ሰንበት በሰኔ ወር፣ ከአትላስ ጀርባ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ በልብ ሕመም አርፈዋል። ዜናውን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያስቀመጥኩት እሳቸው ስላስተማሩኝ ነው። «አንባቢን በር ላይ አታቁመው። ማን ምን እንደሆነ ንገረው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባው» ይሉ ነበር። በዜና ክፍል በእጃቸው ያለፍን ሁሉ ይህን ትእዛዝ እናውቃለን።

በቀብራቸው ላይ ያልተገኛችሁ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ «በመጨረሻ እንዴት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። «ደስ ብሏቸው ነበር» አልኳችሁ። ለማጽናናት ያልኩት ሳይመስላችሁ አልቀረም። አይደለም፤ ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ። ጋሽ ይርጋ በመጨረሻዎቹ ወራት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሆነው የግሪክ ደሴት እየመረጡ ነበር። በጋዜጣው ቤት አብሬያቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ሲፈነድቁ አይቻቸው አላውቅም።

ለማያውቋቸው አሠራራቸውን ልናገር። የጻፍነውን ሲያነቡ በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ያሰፍሩ ነበር፦ «ማን አለ?» ምንጩን ካልነገርናቸው ዜናው አይወጣም። ጭቅጭቅ የለም፤ ቁጣም የለም። ዜናው ግን አይወጣም። አንድ ጊዜ በሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ስማቸው በጋዜጣችን ላይ ተሳስቶ ወጣ። በማግስቱ እርማት አተምን። ጋሽ ይርጋ ግን እርማቱ ብቻ አልበቃቸውም። ጋዜጣውን ይዘው ሾላ ሄዱ፤ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጡና እርማቱን ጮክ ብለው ለሴትዮዋም ለጎረቤቶቻቸውም አነበቡላቸው። እያስነጠሱ ነው ያነበቡት። ሴትዮዋ «ኧረ ይበቃል፤ ሊሞቱብኝ ነው!» እስኪሏቸው ድረስ አላቆሙም።

የደሴቱ ነገር የተጀመረው በልጃቸው በዶክተር ዳዊት ነው። ዳዊት አባቱንና እናቱን፣ ባለቤቱንና ሦስቱን ልጆቹን ይዞ በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ግሪክ ለመሄድ አሰበ። የትኛው ደሴት እንደሚሻል ግን አልወሰነም። ጋሽ ይርጋ «ይህን ለእኔ ተወው» አሉት።

ከባዱ ጉዳይ ቢቲ ነበረች። ቢቲ የሁሉም ታናሽ ናት፤ ገና የፊት ጥርሶቿ እየተነቀሉ ነው። ባለፈው ዓመት ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ፣ ዋና ገንዳ ደረጃ ላይ ቆማ ስትጫወት አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደች። ከእግሯ ሥር ወለል አልነበረም። አባቷ ወዲያው አወጣት፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ወደ ውሃ ዝር ብላ አታውቅም። ሲጠይቋት «መሬቱ ከዳኝ» ነው የምትለው። የጉዞው ወሬ በተነሳ ቀንም «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ እቀራለሁ» አለች። ጋሽ ይርጋ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት «የማይከዳ ባሕር ፈልጌ ካላገኘሁልሽ ማንም አይሄድም» አሏት። ለልጅ የተናገሩት ቃል ነውና ቤተሰቡ በሙሉ ታሰረበት።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳቸው የዜና ክፍል ሆነ። ጡረታ የወጣው ቀይ እስክሪብቶም ተመለሰ። እኔን «በአማካሪነት» ጠሩኝ፤ ሥራዬ ብርቱካን እየላጡ ማዳመጥ ነበር። ለሁለቱ ታላላቅ ልጆች አንድ አንድ ደሴት ተመደበላቸው። የሁሉም ታላቅ የሆነው ናታን ሳንቶሪኒን ወሰደ፤ ሶልያና ናክሶስን። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሳይመደብላቸው «ፍጥሞ የእኔ ናት» አሉ። «ዮሐንስ ራእይ ያየባትን ደሴት ትቼ የት ነው የምሄደው?»

ናታን ስልኩን ዘርግቶ ጀመረ።

«አባባ፣ ይሄን ቪው ይዩት! ያብዳል እኮ! በዓለም አንደኛ ነው።»

«ማን አለ?»

«ኢንተርኔቱ።»

«ኢንተርኔቱ ቢቲን የምታህል ልጅ አለው?»

ሶልያና በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ናታን ተናደደ።

«ፎቶ አይዋሽማ!»

«ጥሩ። ፎቶ አንሺው የት ቆሞ ነው ያነሳው?»

ናታን ፎቶውን በጣቱ አስፍቶ አየው። ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነው። የሚቀጥለውም እንደዚያው፤ የሚቀጥለውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያነብ ሰንብቶ በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሱን ደሴት ራሱ ጣላት። «ደረጃ በደረጃ ነው፤ ለእርስዎ ልብ አይሆንም። ውሃውም ትንሽ እንደገቡ ይጠልቃል ይላሉ። ቢቲን ይከዳታል» አለ። ጋሽ ይርጋ ተነስተው እጁን ጨበጡት። «የወደደውን ነገር በማስረጃ የሚተው ሰው ዘጋቢ ነው» አሉት። ልጁ ያን ቀን ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

የሶልያና ናክሶስ ጥሩ ተስፋ ነበራት፤ አሸዋዋም ውሃዋም ለልጅ የተመቹ ናቸው። ዳዊት ግን ለአባቱ ልብ ሲል ትልቅ ሆስፒታል ቅርብ ካልሆነ አልሄድም ብሏል፤ ስለ ናክሶስ ያገኘው መረጃም አላረካውም። ፍጥሞ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። እትዬ አስካለ «ዮሐንስ በአውሮፕላን ነው እንዴ የሄደው?» ብለው ተከራከሩ። ጋሽ ይርጋ ፈገግ ብለው «ዮሐንስ ከልጅ ልጆች ጋር አልሄደም» አሏቸው።

ነገሩ የተፈታው በሙሴ ኒኮላ ነው። ሙሴ ኒኮላ የጋሽ ይርጋ የድሮ ወዳጅ፣ ጋራዥ የነበራቸው የግሪክ ተወላጅ ናቸው። ጋሽ ይርጋ አትላስ አካባቢ ያለ ካፌ ጋበዟቸውና ልጆቹን ከነአባታቸው አሰልፈው አመጡ። ሶልያና የጠያቂነት ተራው የእርሷ ነበርና ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

«ሙሴ፣ እንደ ግሪካዊነትዎ የትኛውን ደሴት ይመክሩናል?»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ የሾላ ልጅ ነኝ! ባሕር የማውቀው ላንጋኖን ነው።»

«ግሪክ አልሄዱም?»

«አቴንስ አንዴ ሄጃለሁ። በጣም ሞቀኝና ተመለስኩ።»

ልጆቹ ደነገጡ። ጋሽ ይርጋ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ይህን አስቀድመው ያውቁ ኖሯል። ጠጋ ብለው ለልጆቹ «ስሙ አዋቂ የሚያስመስለው ሰው ሁሉ ምንጭ አይደለም። ግን አትተዉት፤ ራሱ ባያውቅም የሚያውቅ ሰው አያጣም» አሏቸው። እውነትም ሙሴ ኒኮላ ኬካቸውን ከጨረሱ በኋላ «የአጎቴ ልጅ ኤሌኒ ቆስ የምትባል ደሴት ላይ አስተማሪ ናት» አሉ። ናታን ወዲያው ስልኩን አወጣ። ቆስ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ሆስፒታልም አላት። እንዲያውም የሕክምና አባት የሚሉት የጥንቱ ሐኪም የተወለደባት ናት፤ ይህን ሲሰማ ዳዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ወደ ፍጥሞም በጀልባ ደርሶ መልስ ይቻላል። እትዬ አስካለ ቤት ሆነው ይህን በስልክ ሲሰሙ እልል አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከብ ያለፈባት ደሴት መሆኗን ለእኛ የነገሩንም እሳቸው ናቸው።

የቀረው የቢቲ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኤሌኒ በቪዲዮ ቀረቡ፤ ሙሴ ኒኮላ እያስተረጎሙ። ቢቲ ከአያቷ ጀርባ ተደብቃ ሶልያና ጠየቀችላት፦ አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ባሕሩ ብትራመድ፣ መሬቱ ድንገት ይጠፋል? ኤሌኒ ሳቁና ረጅም መልስ ሰጡ። ሙሴ አሳጥረው ተረጎሙት። «በሰሜን በኩል ያለው ዳርቻ አሸዋ ነው። ሄዳ ሄዳ ይሰለቻታል እንጂ ወገቧ ጋ አይደርስም ትላለች።»

ጋሽ ይርጋ አላመኑም። አንድ ምንጭ ነው። ናታን ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ የከረሙ ቤተሰቦች የጻፉትን ፈልጎ አመጣ፤ ተመሳሳይ ነው። «ሁለት» አሉ ጋሽ ይርጋ። ቢቲን ወደ ፊት ሳብ አድርገው «ሦስተኛው ምንጭ ያንቺ እግር ነው። እሱ ካላረጋገጠ አናትመውም» አሏት። ቢቲ እግሯን አየች። እሄዳለሁ አላለችም፤ አልሄድም ማለቷን ግን አቆመች።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ክርክር አስነሳ። ዳዊት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እንሂድ አለ። እትዬ አስካለ ፍልሰታን ያለ ቤተ ክርስቲያን አላሳልፍም አሉ። ኤሌኒ «እኛም እኮ እንጾማታለን» ብለው ሊያረጋጓቸው ሞከሩና በጾም የሚበሉትን ዘረዘሩ። ኦክቶፐስ አለበት።

«ያ ስምንት እግር ያለው?» አሉ እትዬ አስካለ። «እሱ ጾም ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኝ!»

ስለዚህ ጉዞው ከፍልሰታ በኋላ ሆነ። ጋሽ ይርጋ ቀኑን ወደ ጳጉሜን ገፉት፤ ለዕንቁጣጣሽ ቤት እንዲገቡ አድርገው። ለምን እንደሆነ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። «ቢቲ ውሃ ትፈራለች ይላሉ። ማን አለ? ገንዳው ከከዳት በኋላ እንኳ፣ በጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ግቢ ውስጥ ዝናብ ስትጠመቅ አይቻታለሁ። ከሁሉም በላይ የምትዘለው እሷ ናት። የምትፈራው ውሃን አይደለም፤ ጥልቀትን ነው። ሩፋኤል ባሕሩ ዳር ያግኛት።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ትልቅ ዜና እንዳገኘ ሰው ያበራ ነበር።

ቪዛው በወጣ ሳምንት አረፉ።

ዘመድ ወዳጅ ጉዞው ቀረ ብሎ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ እንዴት ለመዝናናት ባሕር ማዶ ይሄዳል? እኔም ቀረ ብዬ ነበር። አርባቸው ከወጣ በኋላ እትዬ አስካለ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ሰውን ሁሉ በረንዳው ላይ ሰበሰቡ። «ይርጋ ለልጅ ቃል ገብቶ ያስቀረው የለም። አሁን እኔ ላስቀርበት?» አሉ። ሻንጣ ወረደ።

የሩፋኤል ዕለት ጠዋት በቦሌ መንገድ በታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበዋል፤ በየግቢው ልጆች እየጮሁ ይጠመቃሉ። ስልኬ ጠራ። ናታን ነው፤ በቪዲዮ። «ጋሼ፣ ይዩ፣ ይዩ! ገብታለች!»

አየሁ። ባሕሩ እንደ ሳህን የተረጋጋ ነው። እትዬ አስካለ፣ በሕይወታቸው ባሕር ረግጠው የማያውቁት፣ ጥቁር ቀሚሳቸው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ የቢቲን እጅ ይዘው ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ቢቲ በየእርምጃው ቆም እያለች እግሯን ትተክላለች፤ ትፈትሻለች፤ ደግሞ ትራመዳለች። ከዳርቻው ርቀዋል። ድንገት ወደ ስልኩ ዞራ ጮኸች፦

«መሬቱ አለ! አሁንም አለ!»

ከልማድ የተነሳ፣ ሳላስበው፣ «ማን አለ?» አልኳት።

«እግሬ ነዋ!» አለችና ውሃውን በሁለት እጇ ወደ ላይ በተነችው። አያቷን ከእግር እስከ ነጠላቸው አራሰቻቸው። እትዬ አስካለ ሲስቁ ሰማሁ፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ ይርጋ፣ ከላይ ሆነው አይተዋል ብዬ አልጽፍም፤ ኅዳጉ ላይ ምን እንደሚያሰፍሩብኝ አውቃለሁ። የማውቀውን ብቻ ልንገርዎት። ናታን አሁን ፎቶ ባየ ቁጥር አንሺው የት እንደቆመ ይጠይቃል። ሶልያና ትምህርት ቤቷ ውስጥ ጋዜጣ ልትጀምር ነው። እትዬ አስካለ ፍጥሞ ደርሰው ሻማ አብርተውልዎታል። ቢቲ ደግሞ ሰውነቷ ጨው ጨው እያለ፣ ከውሃው አልወጣም ብላ እያለቀሰች ነው ከቆስ የተመለሰችው። የመረጡላት ባሕር አልከዳትም። ሦስተኛው ምንጭ አረጋግጧል፤ ዜናው ይውጣ። ደህና ይረፉ፣ ጋሼ።