አልላቀቅ ያለው የአያ መኩሪያ መሪ

ከወልድያ የተነሣሁት አጎቴ አያ መኩሪያ ደውለው «መሪዬ ተናግቷል፤ ቴስቲኒ ይዘህ ና» ስላሉኝ ነው። ቴስቲኒ የሚባለው መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ ነው። እሑድ አበልጃቸው ኮን ላይ ልጅ ይድራሉ፤ አጎቴ ሽማግሌዎቹን ጭነው ሊሄዱ ቃል ገብተዋል።

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ዕቃ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲለኝ ካርቶኑን ደጋግሜ ገለበጥኩት። የሚኒባሱ ረዳት ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ልስቀለው ሲል ታቅፌው ተቀመጥኩ። የድልብን ዳገት ወጥተን ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሰዉ ቁጭ ብሎ ሻይ በዳቦ ሲበላ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ጠጣሁ። ወደ ላሊበላ ቁልቁል ስንወርድ ገደሉን እያየሁ፣ መሪው የተናጋ መኪና እዚህ ላይ ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

ላሊበላ፣ ከሰዓት በኋላ

የአጎቴ ሚስት እትዬ አስናቁ ስመውኝ ሲያበቁ «ምነው ልጄ፣ ለዚች ብለህ ነው የደከምከው? ቢቆይስ» አሉኝ። አነጋገራቸው አልጣመኝም።

መኪናዋ አጥሩ ጥግ ቆማለች፤ በዕድሜ ከእኔ አታንስም። በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ፈታሁ። የቴስቲኒው ብሎን ጫፍ ተቀጥቅጦ ተጠፍጥፏል፤ ብሎኑን የሚያስረው ዳዶ ሊያልፍበት አይችልም። ሌላው ሁሉ ዝጎ ሳለ የተቀጠቀጠው ብቻ ያብለጨልጫል። የሰሞኑ ሥራ ነው።

«አያ፣ ይኼን ማን ነካው?»

«ኧረ ማን ይነካዋል!» አሉ አጎቴ።

ዓይኔ ጎረቤቱ በሪሁን ላይ ዐረፈ። መኪናዋን ሽጡልኝ እያለ አጎቴን ሲወተውት ከርሟል። ከአጥሩ ማዶ «ልርዳህ እንዴ?» ሲለኝ «ብቻዬን እበቃለሁ» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ዳዶውን በብረት መጋዝ ልቆርጠው ስል እትዬ አስናቁ ምሳ አቀረቡ። በልቼ ስመለስ መጋዙ የለም። በማግስቱ ደግሞ «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ብረት አይመታም» አሉኝ። በዓሉስ እውነት ነው። መጋዙን ግን ያን ዕለት ማታ ከገብሱ ጆንያ ሥር አገኘሁት። ከበሪሁን ጋር መክረው ይሆን ብዬ እትዬ አስናቁንም ጠረጠርኩ።

ከሚካኤል ማግስት

ዳዶውን ቆረጥኩት፤ ቴስቲኒው ግን ንቅንቅ አላለም። ናፍጣ አጠጣሁት። አሁንም እንቢ። እንዲህ ሲሆን የሚመታው ብሎኑ ሳይሆን ብሎኑ የተሰካበት የብረት ጆሮ ነው። ሁለት መዶሻ ከግራና ከቀኝ እኩል ሲያርፍበት ይለቃል። ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

«እኔ እያለሁ ማን ይጠራል?» ብለው አጎቴ መዶሻ አነሡ። ቆጥሬ መታን። የእሳቸው መዶሻ መሬት ላይ አረፈ።

«አዳለጠኝ» አሉ።

ሁለተኛው ምታቸው አውራ ጣቴ ላይ ወረደ። ጮኼ ቀና ስል አጎቴ ጎንበስ ብለው የብረቱን ጆሮ በጣታቸው እየዳበሱ ይፈልጋሉ።

እትዬ አስናቁ ከደጃፉ ማልቀስ ጀመሩ። «እንዳይጠገን ብዬ በመጥረቢያ ጀርባ የቀጠቀጥኩት፣ መጋዙንም የደበቅኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ከጋሸና ስንመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ያቆሟት። አይታያቸውም። ታዲያ በሰው ፊት አይንዱ ብዬ ላዋርዳቸው?»

አጎቴ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «በሪሁንን ጥራው፤ ክንዱ ብርቱ ነው» አሉኝ።

በሪሁን ቂም ሳይዝብኝ አጥሩን ዘሎ መጣ። ሁለቱ መዶሻዎች እኩል ሲያርፉ ቴስቲኒው ዱብ አለ። በጣም አፈርኩ። አዲሱን ገጥሜ ሳበቃ አጎቴ የመኪናዋን ቁልፍ በጋቢያቸው ጠርገው፣ በሪሁን እየሰማ፣ «እሑድ አንተ ትነዳለህ፤ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ልጫወትበት» አሉኝ።

እሑድ፣ የኮን መንገድ

አያ መኩሪያ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተቀመጡም። ከጎኔ ሆነው እያንዳንዱን ኩርባ ሳንደርስበት ይነግሩኝ ነበር፤ አንዱንም አልሳቱም። ማታ ተመልሰን ቁልፉን ስሰጣቸው «ለአስናቁ ስጣት» አሉኝ። እትዬ አስናቁ ተቀብለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

ወደ ወልድያ ስመለስ አውራ ጣቴ እንዳበጠ ነው። የሰው እጅ አለበት ብዬ መጠርጠሬ ልክ ነበር፤ የተሳሳትኩት እጁ የክፉ ሰው ነው ብዬ ነው። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ሲሰቅል ዝም አልኩት። ጋሸና ላይ ግን ወርጄ መኖሩን አየሁ።