ጸሐፊው ዝም የሚልበት ቅዳሜ

ዓወል ልብስ ሰፊ ነበር፤ የአልዩ አምባ ልጅ። ደብረ ብርሃን ገብቶ በአንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ከዘረጋ ወዲህ ቀን ቀን ሱሪ ያጠብባል፤ ሲመቸው ደግሞ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ልብ ወለድ ይጽፋል። የጻፈውን ለማንም አያሳይም ነበር። ይህን የደረሰበት ደንበኛው መምህር ተክለጊዮርጊስ ነው።

«አንተ ቆለኛ! ሱሪውን ባለቤቱን ለክተህ ትሰፋለህ፤ ታሪኩንስ በማን ላይ ለካኸው?» እያለ ወደ ሥነ ጽሑፍ ክበቡ ጎተተው።

ክበቡ ቅዳሜ ከሰዓት በመሠረተ ትምህርት ክፍል ይሰበሰባል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ሌላ ሰው ያነባል፣ ሁሉም ይተቻል፣ ሻይ እስኪመጣ ድረስ ጸሐፊው ትንፍሽ አይልም። ዓወል መጀመሪያ ደንቡን ጠልቶት ነበር። ኋላ ግን ሰው የት ላይ እንደሚያዛጋ፣ የት ላይ እንደሚስቅ በዓይኑ ሲያይ፣ በዝግ ቤት ያልተገለጠለት ሁሉ ይገለጥለት ጀመር።

በ1973 ዓ.ም. በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ተራው የእሱ ሆነ። ታሪኩ ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ወጣቱ በየመንገዱ ይረሸን በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ ልጇ ስለተገደለባት እናት ነው። ገዳዩን አልጻፈም፤ መጻፍስ እንዴት ይቻላል?

ተክለጊዮርጊስ እያነበበ ሳለ በሩ ተከፈተ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ገብረ ሕይወት ነበር።

«ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ብሎ ከኋላ ተቀመጠ።

ማቆሙ ይብስ ያስጠረጥራል። ተክለጊዮርጊስ ማንበቡን ቀጠለ። እናቲቱ መርዶዋን ሰማች፤ ደረቷን እየደቃች አደባባይ ወጥታ ጮኸች። ታሪኩ በዚሁ አበቃ።

«ማነው የጻፈው?» አለ ካድሬው።

«ሻይ እስኪመጣ አይነገርም፣ ጓድ። ደንባችን ነው» አለ ተክለጊዮርጊስ።

«ይሁን። ልጁን የገደለውስ ማነው? እሱም ሻይ ይጠብቃል?»

የሳቀ የለም። አንዲት ቃል ብትሳሳት ክበቡ ይዘጋል፤ ዓወልም ወደ እስር ቤት ይሄዳል። «ያ ረቢ» አለ በሆዱ።

ያን ጊዜ ወለተ ሥላሴ፣ የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር፣ እጇን አወጣች።

«ይቺ እናት ውሸት ናት።»

ዓወልን ወጋው። ካድሬው ፈገግ አለ። «በሉ እንግዲህ! ሰፊው ሕዝብ ራሱ መሰከረ።»

«ውሸቱ ጩኸቷ ነው» አለች ቀጥላ። «ማልቀስ ተከልክሎ አልነበረም እንዴ? እንዲህ የሞተባት አትጮኽም። አንጀቷን አስራ ሌላ ሰው እስኪሞት ትጠብቃለች። ለቅሶ ቤት ሄዳ፣ የሌላውን ስም እየጠራች የራሷን ታለቅሳለች።»

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አለ ካድሬው።

«አድርጌዋለሁ።»

«በማን ለቅሶ?»

«ወለተ ሥላሴ፣ ተይ» አለ ተክለጊዮርጊስ በለሆሳስ።

«በአባትዎ» አለች ካድሬውን።

ካድሬው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ከእኛ ከልጆቻቸው በላይ ነበር ያለቀስሽው» አለ። «እናቴ እስከ ዛሬ ትመርቅሻለች።»

«ደግ ሰው ነበሩ፤ ለእሳቸውም አልቅሻለሁ። የቀረው የወንድሜ ነው።»

ካድሬው ቆቡን መልሶ ደፋና «ጽሑፉ አልቋል?» ሲል ጠየቀ።

ዓወል ደንቡን አፈረሰ። «አላለቀም፣ ጓድ። መጨረሻው ይቀየራል።»

«እንግዲያ ባላለቀ ነገር ምን እላለሁ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ሳምንቱን ሙሉ ዓወል የቦት ጫማ ኮቴ በሰማ ቁጥር መኪናውን ያቆም ነበር። የመጣ ግን የለም። እሱም ጩኸቱን ቆርጦ ጣለና እናቲቱን ወደ ጎረቤት ለቅሶ ላካት። ሟቹን እንደ ካድሬው አባት ሽማግሌ ሊያደርግ አሰበና ለወለተ ሥላሴ ፈራላት፤ በእሱ ፈንታ ቅር የሚለው ልጅ የሌላት መካን አሮጊት አስገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተክለጊዮርጊስ አዲሱን መጨረሻ አነበበ። የሁሉም ዓይን ወለተ ሥላሴ ላይ ነበር። አንገቷን ከደፋችበት ቀና አለች።

«ይቺን እናት አውቃታለሁ» አለች።