እትዬ ሎሬታን ያጀብን ዕለት

ዘንድሮ ትምህርት የተከፈተ ዕለት ልጄን ሃይስኩል ላደርሰው መኪና ውስጥ ገባን። ገና ሞተር ሳላስነሳ፣ «እማ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ ሆርን አታድርጊ» አለኝ።

«ለምን?»

«ኤቭሪባዲ ያየኛል።»

እንዲያዩህ አይደል እንዴ፣ አልኩ በሆዴ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ፣ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ክላክስ ሳላደርግ ተመልሼ አላውቅም። ልጄ የእናቱ ዕብደት ይመስለዋል። የዕብደቱን ምንጭ ግን ነግሬው አላውቅም ነበርና መንገድ ላይ አወጋሁት።

እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚበላሽበት ቀን በሚበዛ አፓርታማ ውስጥ ነበር። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ከእኛ በታች ሎሬታ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እናቴ «እትዬ ሎሬታ» ስለምትላቸው እኛም እንደዚያው አልናቸው። የዚያን ዓመት በሁዳዴ የስኳር ድንች ፓይ ጋግረው ይዘውልን መጡ። ቅቤውና ቀረፋው ደረጃውን ሁሉ አውዶት ነበር። እናቴ አመስግና ተቀበለችና እስኪፈሰክ ብላ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። ደረጃ ላይ ባገኙን ቁጥር «ፓዩ እንዴት ነበር?» ይሉናል። እኔና ታናሽ ወንድሜ መሬት መሬት እያየን «በጣም ቆንጆ» እንላለን። ምራቃችንን ግን የምንውጠው ከልባችን ነበር።

እኔ በምማርበት ሃይስኩል እሳቸውም ተምረው እንደነበር ያወቅሁት፣ የታሪክ አስተማሪያችን «የድሮውን ዘመን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ» ብሎ የቤት ሥራ በሰጠን ጊዜ ነው። በረንዳቸው ላይ አበባ ውሃ እያጠጡ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት አይገቡም ነበር። ለጥቁሮቹ የሚደርሳቸው መጽሐፍ ነጮቹ ተምረውበት ያለቀው፣ ገጹ የተገነጠለው ነው። ወላጆቻቸው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት ተመላልሰው ተመላልሰው ረቱ። ከዚያ በኋላ፣ ያኔ የነጮች ብቻ በነበረው በእኛ ትምህርት ቤት በር የሚገባ ጥቁር ልጅ ተፈለገ። እትዬ ሎሬታ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ቢጫ ቀሚስ ሰፍተው አለበሷቸው። አባታቸው እስከ መንገዱ ጠርዝ ብቻ እንዲያደርሷቸው ተፈቀደላቸው። ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ግራና ቀኝ ተሰልፎ በሚጮህባቸው ሰው መሀል ብቻቸውን ሄዱ።

«ያሉኝን ቃል ረስቼዋለሁ፤ ጩኸቱን ግን አልረሳሁትም» አሉኝ። ተምረው ከወጡ ወዲህ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ እንኳ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

አስተማሪያችን ይህን ሲሰማ መጥተው ለክፍላችን እንዲያወሩ ጋበዛቸው። እሺ አሉ። ቀኑ ሲቀርብ ግን አስጠሩኝ።

«ሃኒ፣ ልቤ እሺ ብሎ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። የምገባ ከሆነ ደግሞ በዋናው በር ነው። እዚያ ደርሼ ከተመለስኩ ሁለተኛ አልሞክረውም።»

ማታ እራት ላይ ነገርኳቸው። አባቴ፣ «ከማን ጋር ነበር የሚሄዱት?» አለ።

«ብቻቸውን።»

የጠቀለለውን ትሪው ላይ መለሰው። «ብቻቸውን? እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ብቻውን ይሄዳል? ለቅሶ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢሆን፣ ጎረቤት ምን ሠራ ሊባል ነው?»

ያኔውኑ ይዞኝ ወረደ። «እኛ እናጅብዎታለን በያቸው» አለኝ። እንደምንም አስረዳኋቸው። ብዙ አሰቡና፣ «እሺ፤ ግን ጩኸት አልፈልግም» አሉ። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኖ ኖይዝ፣ ማም» አለ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ዛፉ ሁሉ ነጭና ሮዝ አብቦ ነበር። አባቴ ለሁለት ጓደኞቹ ነው የነገርኩት ይላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላምነውም። የኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ የተነገረ ነገር እንኳን አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙን ተሻግሮ ጌይተርስበርግም ይሰማል። ፓርኪንጉ ታክሲ በታክሲ ሆኗል። ኢድሪስ የሚባለው የወሎ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቷል። የኛ ሰው በሁዳዴ ሰርግ አይደግስም፤ የኢድሪስ የእህቱ ልጅ ግን ቅዳሜ ኒካህ ነበራትና የሰርጉን ሪባን ከመኪናው ላይ አልፈታውም። ያዩት ሁሉ እንዲያ የተባለ መስሏቸው፣ ከኢድሪስ መኪና ትራንክ የተረፈውን ሪባን እያወጡ የየራሳቸው መኪና ላይ አሰሩ።

«አንተ ኢድሪስ! ድምፅ የለም ብዬሃለሁ እኮ!» አለ አባቴ።

«ምን ድምፅ አለ? ሪባን ይጮሃል እንዴ?»

እትዬ ሎሬታ በቢጫ ሱፍና በቢጫ ባርኔጣ ወረዱ። መኪናዎቹን አንድ በአንድ አዩና የአባቴ ታክሲ ውስጥ ገቡ። እኔ ከኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እናቴ በፎይል የጠቀለለችውን ትኩስ ድፎ ዳቦ ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች። እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱ እስክንታጠፍ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። እዚያ ስንደርስ ግን ሪባን የታሰረበት መኪና ይዞ ዝም ማለት ለኢድሪስ እጅ ከበደው። አንዴ ክላክስ አደረገ። ከኋላው ያለው መለሰለት። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተዉ! ተዉ!» ሲል፣ ክርኑ የራሱን ክላክስ ተጭኖት ነበር። መንገደኛው ሰርግ መስሎት እጁን ያውለበልባል። ተማሪው መስኮት ላይ ተንጋግቷል። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሬዲዮውን ይዞ ይሮጣል።

እትዬ ሎሬታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አለቀልን፣ አበላሸነው አልኩ። ልቅሶዬ መጣ።

በሩ ፊት ቆምን። ሹፌሮቹ ወርደው ያጨበጭባሉ። ሁዳዴ ከገባ ቤት ውስጥ ዘፈን እንኳ ያስከለከለችን እናቴ ዳቦዋን እንደታቀፈች ወረደች፤ ወደ ሰማይ ቀና ብላ «ዛሬን ይቅር በለኝ» አለችና፣ «እልልልል!» አቀለጠችው።

እትዬ ሎሬታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይሄ ለእኔ ነው?»

«ለእርስዎ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

በሩን ብዙ አዩት። ከዚያ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ «ሰር፣ አንድ ዙር ይድገሙልኝ» አሉ።

እናቴን እልልታዋ ላይ ትተናት ሄድን። ሰፈሩን ዞርን፤ አሁን ክላክሱ ያለ ይሉኝታ ነበር። እትዬ ሎሬታ መስኮቱን አውርደው እንደ ሙሽራ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ይስቃሉ፤ እንባቸውም ይወርዳል። ስንመለስ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱና በዋናው በር ገቡ። እኛ ከኋላ ተከተልን። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ፣ «በሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ምን ይል ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «የትኛው? የዛሬው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድፎውም እስከ ፍርፋሪው ተበላ።

ለፋሲካ ፓዩ ከፍሪዘር ወጣ። ጣዕሙን በእውነት ነገርኳቸው።

እትዬ ሎሬታ ካረፉ ቆይቷል። ዛሬም ይናፍቁኛል። ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ፣ መድረሱ ደስ የሚለው ሰው ሊኖር ይገባል፤ ከሳቸው የተማርኩት ይህን ነው።

ልጄ ስልኩን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስንደርስ እጄን ከመሪው ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ። ወረደ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ተመለሰና መስኮቱን አንኳኳ።

«ኦኬ፣ እማ። ዋን ታይም።»

አንድ ጊዜ አለ እንጂ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ አልነገረኝም።