ፕሮቶኖቹ ለምን አይበታተኑም?

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ትሸመድዳለች፦ «ፕሮቶን ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ፣ ኒውትሮን ቻርጅ የለውም።» መስኮቱን ጉም ሸፍኖታል። ልቤ ዘጠነኛ ክፍል ገባ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ዘጠነኛንም ከመንደሬ ወጥቼ እንጅባራ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። የክፍሌ ልጆች «እትዬ፣ ወላጅ የሚጠብቀው እኮ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። መረረኝ። አባቴ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ጓዜን በበቅሎዋ ጭኖ ወደ መንደራችን እንዲመልሰኝ ላክሁበት።

ዓርብ፣ የመጨረሻዬ ነው ባልኩት ክፍለ ጊዜ፣ በዕድሜ የማይበልጠኝ የኬሚስትሪ መምህራችን የካርቦንን ኒውክለስ ሰሌዳው ላይ ሣለ። ስድስት የመደመር ምልክት፣ በመሀል በመሀላቸው ባዶ ክቦች፤ ኒውትሮኖቹ። የኒውክለሱ ቻርጅ ፕላስ ስድስት ነው አለን። ቀደም ሲል ደግሞ ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ ብሎናል። ሁለቱ ነገር አልገጥም አለኝ፤ ያልገጠመ ነገር ትቼ መሄድ ደግሞ አይሆንልኝም። የሚሄድ ሰው ምን ያፍራል ብዬ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ፖዘቲቭ ፖዘቲቭን ከገፋ፣ ስድስቱ ለምን አይበታተኑም?»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ጠመኔውን እንደያዘ የገዛ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው።

«አላውቅም» አለ። «እኔም ጠይቄው አላውቅም። መጽሐፎቼ ዳንግላ ናቸው፤ አንብቤ ሰኞ እነግራችኋለሁ።»

በማግስቱ አባቴ ድንቹን ሸጦ፣ ጭቃ የለበሰ ቦቲውን እየጎተተ መጣ።

«ጓዝሽስ?»

«አባባ፣ እስከ ሰኞ ልቆይ።»

«ሰኞ ምን አለ?»

ነገርኩት። ጥቂት አሰበና በቅሎዋን አንገቷን መታ መታ አደረጋት። «እኛስ ሁለት ድንጉላ ፈረስ እንዳይራገጥ በቅሎዋን መሀል አይደል የምናስራት? ያ ቻርጅ የለውም ያልሽው እሷን ይሆናላ! በይ፣ ሰምተሽ ንገሪኝ።» ባዶ በቅሎ እየነዳ ሄደ።

ሰኞ ልጆቹ ጥያቄውን ረስተውታል። መምህሩ አልረሳም። ፕሮቶኖቹ ቢገፋፉም ከግፊቱ የሚበረታ፣ አንድ ላይ የሚያያይዛቸው ሌላ ኃይል አለ፤ የሚይዘው ግን በጣም ሲቀራረቡ ብቻ ነው፤ ኒውትሮኖቹ ግፊት ሳይጨምሩ በዚያ ኃይል ይረዳሉ አለን። የአባቴን በቅሎ ስነግረው ፊቱ በራ።

«አባትሽ ግማሹን አግኝተውታል። በቅሎዋ መሀል ገብታ ታራርቃለች። ግን አጭር ገመድም አለ፣ እሷንም ጭምር ከፈረሶቹ ጋር የሚያስር።»

እኔ ሌላ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። በሚቀጥለው ገበያ በቅሎዋ ስንቄን ጭና መጣች፤ ቆሎ፣ ሽሮ፣ አንድ ኩንታል የማይሞላ ድንች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚያውቁ መምህራን አስተምረውኛል። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል «አላውቅም» ያለውን ያን ወጣት ያህል ግን ያደነቅሁት የለም። አሁን አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ዓርብ መልሱን አውቆት ቢሆን ኖሮ እዚያው ይነግረኝ ነበር። እኔም አመስግኜ፣ በማግስቱ ጓዜን ጭኜ እሄድ ነበር።