በግራ በኩል ዝቅ ያለ ወንበር

ፍሪሞንት ውስጥ የመኪና ወንበር በሚሠራ ፋብሪካ የስፌት ተቆጣጣሪ ነኝ። ማጣበቂያውን የሚቀባው ማሽን በመስታወት በታጠረ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ሽታው ወደ እኛ አይደርስም፤ ባለፈው ሳምንት ግን የክፍሉ በር ለጥገና ሲከፈት የማስቲሽ ሽታ አዳራሹን በአንድ ጊዜ ሞላው፤ ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እኔ ባለሁበት ቆሜ ማግኩት። ራስ ምታት እንደሚሰጠኝ አውቅ ነበር፤ ሰጠኝም። ከራስ ምታቱ በፊት ግን አክስቴን ዘይነባን መለሰልኝ።

አክስቴ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ፣ የአሮጌ ስፖርት መኪኖችን ወንበር ትሰፋ ነበር። ኮምቦልቻ ሳለች የሠርግ ልብስ ሰፊ ስለነበረች፣ እዚህም ወንበርን የምታየው ባለቤቱ ለብሶት እንደኖረ ልብስ ነበር። ያረጀ ወንበር ሲመጣላት መጀመሪያ መዳፏን እላዩ ላይ ታንሸራትትና፣ ይሄ ሰውዬ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ አያወጣም፣ ወይም ይቺ ሴት መሪው ርቋት ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው ትላለች፤ ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ እኔ በዓይኔ ሰርቄ አጣራለሁ፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ነበረች። እናቴ ኦክላንድ ስትሠራ ስለምትውል፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ውሎዬ እዚያ፣ በስፖንጅ ፍርፋሪና በክር ጥቅልል መካከል ነበር።

ከደንበኞቿ ሁሉ የማልረሳቸው ዶክተር ግርማን ነው። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት ጀርመን የሄዱ፣ በኋላም ፓሎ አልቶ በሐኪምነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከጡረታም በኋላ ሞተሯ ከኋላ የሆነ አንዲት አሮጌ የጀርመን ስፖርት መኪና የገዙ ሰው ነበሩ። በተማሪነታቸው የዚያን ፋብሪካ መኪኖች ሲሽቀዳደሙ ከአጥር ጥግ ቆመው አይተዋልና፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያንኑ ያወሩልን ነበር፤ በዚያ ዘመን ነጂዎቹ ከመንገዱ ማዶ ተሰልፈው፣ ባንዲራ ሲወርድ እየሮጡ መኪናቸው ውስጥ ዘለው እንደሚገቡ፣ የሞተሩ ቁልፍ ከመሪው በስተግራ የተደረገውም ግራ እጅ ሞተር ሲያስነሣ ቀኝ እጅ ማርሽ እንዲያስገባ ነው እንደሚባል፣ መሐንዲሶቹ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ የማርሹን እጀታ ሳይቀር ከቀላል እንጨት እንደጠረቡት። በጣም የሚያስቃቸው ግን የብረቱ ነገር ነበር። ሞተሩ ከኋላ ስለሚከብድ መኪናዋ ጥምዝ ላይ ጭራዋን እየወረወረች ብታስቸግር፣ ግራም በግራም ሲቀንሱ የኖሩት እነዚያው መሐንዲሶች ለገበያ በምትወጣው መኪና የፊት ባምፐር ውስጥ ብረት ሸጎጡባት። ሞተሩን ከቦታው አላነሡም፤ ከነጠባይዋ ይዘዋት፣ ጎማዋን እያሰፉ፣ የኋላ እግሯን ወደ ኋላ እየገፉ፣ በዓመታት ገሯት። እኔ ይህን ሁሉ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት አመሳክር ነበር፤ ዶክተር የተሳሳቱት ጥቂት ነው።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ሰማንያ ሳይሞላቸው፣ ሞንተሬይ አጠገብ ባለው ሜዳ፣ በአሮጌ መኪኖች ውድድር አንዴ መሮጥ። መኪናዋ ተዘጋጅታለች፣ ዓይናቸውም ደህና ነበር። የሚያሰጋው ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ ነጂው ሄልሜት አጥልቆ፣ ቀበቶ ታጥቆ ከተቀመጠበት፣ እሳት ቢነሣ ራሱን እንደሚያድን ለማሳየት፣ መርማሪው የሰጠው ጊዜ ሳያልቅ ማንም ሳይረዳው ወጥቶ መቆም አለበት። የውድድር ወንበር ደግሞ ሁለት ጎኑ ከፍ ብሎ ሰውን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ የዶክተር ግራ ዳሌ በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ወዲህ አይታዘዛቸውም።

«የግራውን ጎን ላሳንስልዎ» አለቻቸው አክስቴ።

«አይሆንም ወይዘሮ ዘይነባ! እንደ ፋብሪካው፣ ኦሪጅናል ነው የምፈልገው።»

«ዳሌዎ ራሱ ኦሪጅናል አይደለም፣ ወንበሩ ምን ቤት ነው?»

«ታሪክ ማበላሸት እኮ ነው!»

«ባምፐር ውስጥ ብረት ሸጎጡ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? እነሱ ለጭራዋ ያደረጉላትን እኔ ለዳሌዎ ባደርግ ምን አለበት?»

ዶክተር ፍርድ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛው አፌ ላይ አልመጣ ብሎኝ «ሺ ኢዝ ራይት» አልኩ፤ ሳቁና እጅ ሰጡ።

በየቅዳሜው እንደ ሙሽራ ለልኬት ይመጡ ጀመር። አክስቴ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ስፖንጁን በስሱ ትቆርጣለች፣ እሳቸው ይገባሉ፤ ቀበቶ ፈታ፣ ግራ እጅ የበሩን ምሰሶ፣ ዳሌ ዝቅ ባለው ጎን ላይ ሸርተት፣ እግር ወደ ውጪ። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ «አትንካቸው! ፈተናው ላይ የሚደግፋቸው የለም!» ብላ ትቆጣኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዶክተር ከዚያ ወንበር እንደ ወጣት መውጣት ቻሉ።

በውድድሩ ቀን ጭጋጉ ከኮረብታው ላይ ገና አልተነሣም ነበር፤ አየሩ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። መርማሪው፣ ጸጉሩ የሸበተ ትሑት ሰው፣ ሰዓቱን ይዞ «ጎ» አለ። ቀበቶው ተፈታ፣ ዳሌ ተንሸራተተ፣ አንድ እግር ወጣ፤ ሁለተኛው ሲከተል የጫማቸው ተረከዝ የበሩን ደፍ ነካና ጥቂት ዘንበል አሉ። ዘንበል ማለት ብቻ ነው፤ ምሰሶውን ይዘውት ነበር። አክስቴ ግን «እኔን!» ብላ ክንዳቸው ሥር ገብታለች። ሽማግሌ ሲሰናከል ቆሞ ማየት ማን አስተምሯት?

መርማሪው ሰዓቱን አቆመ፤ ተረድቷልና አይቆጠርም አለ። ደግነቱ እንዲደግሙት ፈቀደ። ሲደግሙት ዳሌያቸው ተያዘ፤ ጊዜው ሲያልቅ አንድ እግራቸው ገና ውስጥ ነበር።

መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭነን፣ ሦስታችን በአክስቴ ቫን ተመለስን። «እጄን ይቁረጠው! ስንት ወር ደክሜ፣ እኔው በገዛ እጄ!» እያለች በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ነጭ ሽንኩርት በብዛት የሚመረትባት ጊልሮይ ስንደርስ ሽታው በመስኮት ገባ፤ ያኔ ዶክተር ተናገሩ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ሐኪም ነበርኩ፤ እጄን ይዘው የተነሡ ብዙ ናቸው። እኔን ግን "እኔን" ብሎ የያዘኝ፣ ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ዛሬ ገና ነው። ይብቃዎት።» ቀጥለውም፣ «የሰውዬውም ሰዓት ይፈጥናል» አሉ። አክስቴ እያለቀሰች ሳቀች።

በቀጣዩ ዓመት ዶክተር ዐረፉ፤ ልጆቻቸው መኪናዋን ሸጧት። አሁን ያክስቴ ጣቶች አብጠው መርፌ አይዙም፣ ጋራዧም ሌላ ሰው ይዟታል። ከማስቲሹ ሽታ በኋላ እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ መኪናዋን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩና አገኘኋት፤ ታድሳለች፣ እያንዳንዱ ብሎን እንደ ፋብሪካው ነው። ለአዲሱ ባለቤት ጻፍኩለት፤ አሮጌው የነጂ ወንበር ካለህ ሽጥልኝ አልኩት። በትሕትና መለሰልኝ፤ ግራ ጎኑ ሰምጦ ተበላሽቶ ስለነበር ጥዬዋለሁ አለ።

ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም። እሑድ፣ አሁን ወደምትኖርበት ኦክላንድ ልጠይቃት ሄጄ መኪናዋን እንዳገኘኋት ብቻ ነገርኳት።

«ትሮጣለች?» አለችኝ።

«ትሮጣለች» አልኳት። እሱ እውነት ነው።