የመቀነቷ ሰንጢ

ባልቴቷ የኮንጎ ጫማቸውን ጭቃ ደጅ ላይ በደንብ ጠርገው ወደ ፖሊስ ጣቢያው በር ሲጠጉ፣ ፈታሿ ሐሴት ከመቀነታቸው ውስጥ አንዲት ታጣፊ ሰንጢ አገኘች። እጀታዋ በበግ ጠጉር ክር ተጠቅልሏል፤ ስለቷ ከመሳል ብዛት ሳስቶ ቅጠል መስሏል።

«እማማ፣ ስለት ይዞ መግባት አይቻልም። ደግሞስ ሴት ሆነው ሰንጢ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምን ያደርግልኛል?» የባልቴቷ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ሐሴት ከእርጅና መስሏት ነበር፤ ዓይናቸውን ስታይ ግን ንዴት መሆኑ ገባት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሜዳ ስወጣ ከጎኔ ተለይታ አታውቅም። ገመድ ቆርጬባታለሁ፤ ከፈረስ ኮቴ ጠጠር አውጥቼባታለሁ። ለዓመታት ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሜዳ ለሳር አጨዳ የተከፈተ ዕለት እርጉዝ ነበርኩ፤ ብቀር ቤቴ ሳር ሳይከደን ሊከርምብኝ ነውና ወጣሁ። እዚያው ሜዳ ላይ ብቻዬን ተገላግዬ የልጄን እትብት የቆረጥኩት በዚህችው ነው። ያን ጊዜ ‹ሴት ነሽ› ያለኝ አልነበረም!»

ሐሴት ሰንጢዋን ቀስ ብላ አጠፈቻት።

«ያ ልጅ እዚህ ከታሰረ ሦስት ሳምንቱ፤ ስንቁን ግን ‹እዚህ የለም› ብላችሁ ትመልሱብኛላችሁ። የት እንዳደረሳችሁት ልጠይቅ ብመጣ፣ የምትፈሩት የእኔን ሰንጢ ነው?»