ቢላዋውን ይዤ ወደ ደልጊ

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባሕር ዳር መናኸሪያ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ ብርቱካን፣ አንድ ወረቀትና አንድ ቢላዋ ነበሩ። የምሄደው ደልጊ፣ ጌትነት ቤት ነው። ጌትነት እኔ የደህንነት ኃላፊ በሆንኩበት የካርቶን ፋብሪካ ቆራጭ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀኝ መዳፉን ክፉኛ ቆርጦ፣ ከተሰፋ በኋላ አባቱ ዘንድ ሊያገግም ሄደ። ወረቀቱ የአደጋው ሪፖርት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሠራተኛው መሣሪያውን በአግባቡ ባለመያዙ» ይላል። ጌትነት ከፈረመበት ኮንትራቱ አይታደስም። ይህን እያወቅኩ ነው ብርቱካን የገዛሁለት።

ቢላዋውንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። ድሮ ቆራጮቻችን የመጋዝ ስባሪ በጨርቅ ጠቅልለው ይሠሩ ነበር። ያንን አስጥዬ፣ አውራ ጣት ሲለቀው ምላጩ ተመልሶ የሚገባ ባለ ስፕሪንግ ቢላዋ አስገዛሁ። ቢሮዬ ተቀምጬ አንድ ካርቶን ቆረጥኩበት፣ ወደድኩት፣ ፈረምኩ። ለአንድም ቆራጭ አስይዤ አላየሁም። ስብሰባ ላይ ሲጨበጨብልኝ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

መናኸሪያ በር ላይ

ፈታሹ ቢላዋውን ከቦርሳዬ አወጣው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የደህንነት ቢላዋ።»

«ቢላዋ ደግሞ ምን ደህንነት አለው?» ብሎ ሳቀ፤ የተሰለፈውም ሰው ሳቀ። ቢላዋው እስክንደርስ ሹፌሩ ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እኔ እንደ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

መራዊ ላይ ስንቆም በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ በሠላሳ ብር ገዛሁ። ከግራና ከቀኝ በመስኖ የለማ ማሳ ነው፤ ቦዩ ጠዋት ጠዋት ያበራል። ከዱርቤቴ ወዲያ አቧራው ጀመረና መስኮቱ ተዘጋ። መንገዱን ሙሉ ለጌትነት የምለውን ስለማመድ ቆየሁ። «ለራስህው ጥቅም ነው» የሚለውን መረጥኩ። ሐይቁ ብቅ ሲል ዓረፍተ ነገሩ አልጥም ብሎኝ ነበር፤ የተሻለ ግን አላገኘሁም።

ደልጊ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

ጌትነትንና አባቱን አቶ ምህረቴን ቤታቸው ደጃፍ ላይ መረብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። የጌትነት ቀኝ እጅ እስከ አንጓው ታስሯል። በግራው ትንሽ ካራ ይዞ ክሩን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል፤ ፍጥነቱ ያስቀናል። እጁ ስለታሰረ ነው ብዬ አለፍኩት።

አቶ ምህረቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። እድሜያቸው አባቴን ያህላል።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። ልጄ ቢላዋችሁን አበላሸባችሁ አሉ። ልጅ ነው፣ ይማሩልኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አልኩ፤ እንደ ይቅር ባይ። ይህችን መልሴን ባስታወስኳት ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። አባትየው ልጃቸውን ያጎርሱት ጀመር። ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆታል።

«በግራህ ብላ እንጂ፣ ታመህ የለ» አልኩት።

«ማዕድ ላይማ ነውር ነው» አሉ አቶ ምህረቴ። «ከልጅነቱ ጀምሮ በግራው ሲዘረጋ እጁን እየመታሁ ነው ያስተውሁት። ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ጌትነት፣ ግራኝ ነህ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ በትሕትና። «እንዳይሳቅብኝ ብየም ዝም አልሁ።»

ስወርድ ሹፌሩ የመለሰልኝን ቢላዋ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። በግራው ያዘው። ምላጩን የሚያስወጣው ቁልፍ ለቀኝ አውራ ጣት የተሠራ ነው፤ በግራ ሲያዝ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ገልብጦ ይይዘውና ወደ ራሱ ይስባል፤ ካርቶኑን ወደሚደግፈው ቀኝ እጁ። እኔም በግራዬ ያዝኩና የመረብ ገመድ ልቆርጥ ሞከርኩ። ምላጩ ወደ እኔው ዞረ። አቶ ምህረቴ ደንግጠው እጄን ያዙኝ።

«ጋሼ፣ በስልክ የሚፈረም ነገር አለ ብለውኝ ነበር» አለ ጌትነት። «ያምጡት፣ ልፈርም። ምን ይላል አልልም።»

እውነቱን መናገር የሚገባኝ ያኔ ነበር። አፈርኩ። ማፈሬ እውነተኛ አላደረገኝም፤ ይልቁንም አስዋሸኝ።

«ወረቀቱን ቢሮ ረስቼው መጣሁ» አልኩ።

እነሱ ዘንድ አደርኩ። አልጋውን ለእኔ ለቀው አባትና ልጅ መሬት ተኙ። እሑድ ጠዋት ስወጣ አቶ ምህረቴ የደረቀ ዓሣ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ።

ባሕር ዳር

ሰኞ ጠዋት ቆራጮቹን ሰበሰብኩ። «በግራ የሚሠራ አለ?» ብዬ ስጠይቅ አንድም እጅ አልወጣም። ቢላዋውን በግራዬ ይዤ ካርቶን ልቆርጥ ስውተረተር ሳቁብኝ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት ሴት እጇን አወጣች፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው። በዚያ ሳምንት ቁልፉ በሁለቱም እጅ የሚገፋ ናሙና ተፈለገ። ዘንድሮ ቢላዋ የሚመርጡት ቆራጮቹ ናቸው፤ በየእጃቸው ይዘው፣ በራሳቸው ካርቶን ላይ።

ሪፖርቱንም እንደገና ጻፍኩት። «መሣሪያውን የመረጠው ኃላፊ ሠራተኞቹ በየትኛው እጅ እንደሚሠሩ ባለመጠየቁ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ «ራስህን እኮ ነው የከሰስከው» አለኝ። አዎ አልኩት። የጌትነት ኮንትራት ታደሰ፤ የእኔ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ ጌትነት ደወለ።

«ጋሼ፣ ያ ወረቀት ተገኘ ወይ?»

«ከመጀመሪያውም አልጠፋም ነበር» አልኩት። «ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዋሽቼህ ነው።»



«አውቃለሁ» አለኝ። «ቢላዋውን ሲያወጡ ወረቀቱን አይቸዋለሁ። አባቴ ፊት እንዳያፍሩ ብየ ነው ዝም ያልሁት።»